የኮሌስትሮል ክኒን የሚጎዳው መቼ ነው?

ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንደኛው ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚያወርድ ክኒን ከጀመረ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ጭኑን ያመዋል፣ ደረጃ መውጣት ከብዶታል። «ያ መድኃኒት ጡንቻ ይበላል» ሲባል ሰምቶ ነበርና ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውሮ ተወው፤ ለሐኪሙም አልነገረም። ሁለተኛው ከስታቲን ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ሲምቫስታቲን 40 ሚሊግራም ለአራት ዓመት ያለ አንዳች ችግር ሲውጥ የኖረ ሰው ነው። የሳንባ ኢንፌክሽን ያዘውና ክላሪትሮማይሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ከቀናት በኋላ ከወንበር መነሳት አቃተው፤ ሽንቱም ጠቁሮ ወጣ።

የመጀመሪያው ዓይነት አጋጣሚ በየዕለቱ የሚታይ ነው። ሁለተኛው እጅግ ጥቂት ነው። ሰው የሚፈራው ግን የመጀመሪያውን ነው፤ ሆስፒታል የሚያስተኛው ሁለተኛው ሆኖ ሳለ። ስለ ስታቲን ያለው ፍርሃት ቦታውን ስቷል የምንለው ለዚህ ነው። ክኒኑ ለብቻው በተገቢው መጠን ሲወሰድ ከባድ ጉዳት የሚያደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ከባዱ ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው አብሮት ከሚዋጥ ሌላ መድኃኒት፣ ከልክ በላይ ከሆነ መጠን፣ ወይም ተደብቆ ከቆየ ሌላ ሕመም ነው።

ጉበት በር ላይ የቆመ ዘበኛ

ደም ውስጥ የሚዞረውን ኮሌስትሮል በአብዛኛው የሚሠራው ሰውነት ራሱ ነው፤ በዚህ ሥራ ደግሞ ጉበት ዋነኛው ነው። ስታቲን ጉበት ኮሌስትሮል ለመሥራት የሚጠቀምበትን አንድ ኢንዛይም ይገታል። ጉበት በውስጡ ኮሌስትሮል ሲያጥረው ኤልዲኤልን፣ ማለትም «መጥፎ» እየተባለ የሚጠራውን ኮሌስትሮል፣ ከደም ውስጥ ለቅመው የሚያስገቡ ተቀባዮችን በሕዋሳቱ ገጽ ላይ ያበዛል። የደሙ ኤልዲኤል በዋናነት የሚወርደው በዚህ ለቀማ ነው።

ይህ አሠራር የጎንዮሽ ጉዳቱንም ምስጢር ይገልጣል። ክኒኑ ከአንጀት እንደተመጠጠ መጀመሪያ የሚደርሰው ጉበት ጋ ነው፤ እዚያው ሥራውን ይሠራል፣ አብዛኛውም እዚያው ይሰባበራል። ከተዋጠው ሲምቫስታቲን ውስጥ ጉበትን አልፎ ወደ ዋናው የደም ዝውውር የሚገባው ከ5 በመቶ በታች ነው። ጡንቻ የሚያገኘው ከዚያች ትርፍራፊ ነው። አንድ ነገር ጉበት መድኃኒቱን የሚሰባብርበትን መንገድ ከዘጋው ትርፍራፊዋ በብዙ እጥፍ ታድጋለች፤ ሰውየው የዋጠው ያንኑ 40 ሚሊግራም ቢሆንም ጡንቻው ግን ብዙ መቶ ሚሊግራም የተዋጠ ያህል ይደርሰዋል። ከዚህ በታች ስለ መድኃኒት ግጭት የሚነገረው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነጥብ ነው።

ጥቅሙን በተመለከተ ችግሩ አለመሰማቱ ነው። ስታቲን እንደ ራስ ምታት ማስታገሻ አይደለም። ታካሚው የሚሰማው ነገር ቢኖር ሕመሙ ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ያልመጣ ስትሮክ፣ ያልደረሰ ድንገተኛ የልብ ሕመም ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ቆጥሮ አያየውም። የሚቆጠረው በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት ነው። በ1994 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ይፋ በሆነው የስካንዲኔቪያ ጥናት 4,444 የልብ ሕመምተኞች ሲምቫስታቲን ወይም ምንም ቅመም የሌለው ማስመሰያ ክኒን ወስደው ነበር፤ ስታቲን በወሰዱት ዘንድ ሞት በ30 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። በኋላ ብዙ ጥናቶች ተጠቃለው ሲሰሉ ኤልዲኤል በ1 ሚሊሞል በሊትር፣ ማለትም በ39 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ በቀነሰ ቁጥር ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክን የመሳሰሉ ከባድ የደም ሥር አደጋዎች በአምስት ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 22 በመቶ ይቀንሳሉ።

እጥፍ መጠን እጥፍ ውጤት አይሰጥም

ብዙ ሰው «40 ካወረደልኝ 80 ደግሞ እጥፉን ያወርዳል» ብሎ ያስባል። እንዲያ አይደለም። የስታቲን ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው ከመጀመሪያው መጠን ነው፤ ከዚያ በኋላ መጠኑ በእጥፍ ባደገ ቁጥር በኤልዲኤል ቅናሽ ላይ የሚጨመረው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አቶርቫስታቲን 10 ሚሊግራም ኤልዲኤልን ከ35 እስከ 40 በመቶ ገደማ ያወርዳል፤ ስምንት እጥፍ የሆነው 80 ሚሊግራም ከ50 እስከ 55 በመቶ። የጡንቻ ጉዳት ግን እንዲህ አይቆጥብም፣ ከመጠን ጋር ያድጋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ሰኔ 2011 ላይ ሲምቫስታቲን 80 ሚሊግራም ለአዲስ ታካሚ እንዳይታዘዝ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ከዓመት በላይ ሳያማቸው ሲወስዱት የቆዩ ብቻ እንዲቀጥሉ ተተወላቸው። ከዚህ የሚበልጥ ቅናሽ ለሚያስፈልገው ሰው ወደ ጠንካራው ዓይነት መቀየር ወይም ሌላ መድኃኒት ማከል ይሻላል።

ጠንካራ የሚባሉት አቶርቫስታቲን ከ40 እስከ 80 እና ሮሱቫስታቲን ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም ናቸው፤ ኤልዲኤልን በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ያወርዳሉ። መካከለኛዎቹ፣ ለምሳሌ ሲምቫስታቲን ከ20 እስከ 40፣ አቶርቫስታቲን ከ10 እስከ 20፣ ሮሱቫስታቲን ከ5 እስከ 10፣ ፕራቫስታቲን ከ40 እስከ 80፣ ከ30 እስከ 49 በመቶ ያወርዳሉ። ሚሊግራሙ በስሙ ብቻ አይመዘንም፤ የሮሱቫስታቲን 10 ከሲምቫስታቲን 40 አያንስም። «ሐኪሙ ከ40 ወደ 10 ዝቅ አደረገልኝ» የሚል ሰው የክኒኑን ስም መልሶ ቢያነብ ደግ ነው።

ከመጀመሩ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ ሳይታዩ ሲቀሩ ግን በኋላ ግራ ያጋባሉ። የኮሌስትሮል ምርመራ፣ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም፣ የኩላሊት ሁኔታ፣ የደም ስኳር፣ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ የታይሮይድ ሆርሞን። የታይሮይዱ ነገር ችላ ሲባል ይታያል። ታይሮይዱ የደከመ ሰው በዚያው ምክንያት ኮሌስትሮሉ ይጨምራል፤ ጡንቻውም ያመዋል። ታይሮይዱ ሳይታከም ስታቲን ሲሰጠው ሕመሙ ይብሳል፣ ጥፋቱም በክኒኑ ላይ ይላከካል። የጡንቻ ኢንዛይም የሆነው ክሪያቲን ካይኔዝ፣ በምርመራ ወረቀት ላይ «ሲኬ» ተብሎ የሚጻፈው፣ ለሁሉም ሰው አስቀድሞ አይታዘዝም። ከዚህ በፊት የጡንቻ ሕመም የነበረበት፣ በቤተሰቡ የጡንቻ በሽታ ያለ፣ ኩላሊቱ የደከመ ወይም በዕድሜ የገፋ ሰው ግን መነሻ ቁጥሩ ቢያዝለት በኋላ የሚነጻጸርበት አይጠፋም።

የሚዋጥበት ሰዓት እንደ ዓይነቱ ይለያያል። ሲምቫስታቲን በደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ሰዓት ነው፤ ጉበት ኮሌስትሮል በብዛት የሚሠራው ደግሞ ሌሊት ስለሆነ ማታ ይወሰዳል። ሎቫስታቲን ከእራት ጋር ሲሆን ይበልጥ ይመጠጣል። አቶርቫስታቲንና ሮሱቫስታቲን ረጅም ሰዓት ስለሚቆዩ ጠዋትም ማታም ሊወሰዱ ይችላሉ፤ ዋናው በየቀኑ በአንድ ሰዓት መሆኑ ነው። የተረሳ ክኒን ትዝ ባለ ጊዜ ይወሰዳል፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ያለፈው ይታለፋል። ሁለት ደርቦ መዋጥ አይገባም።

ውጤቱ ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ በምርመራ ይታያል። ቁጥሩ ሲወርድ «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም የተለመደ ስሕተት ነው። ክኒኑ ሲቆም የጉበት ተቀባዮች ወደ ቀድሞ ቁጥራቸው ይመለሳሉ፤ ኤልዲኤሉም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ነበረበት ይወጣል። ያማረው ውጤት ክኒኑ እየሠራ ስለመሆኑ ነው የሚናገረው።

ጡንቻ፦ እውነተኛው ሕመምና የሚጠበቀው ሕመም

ስታቲን የሚያቆሙ ሰዎች በአብዛኛው የሚያነሱት ምክንያት ጡንቻ ነው። እዚህ ላይ ያለው ማስረጃ ግን ብዙ ሰው ከሚያስበው የተለየ ነው። በ2022 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ስታቲንን ከማስመሰያ ክኒን ጋር ያነጻጸሩ 19 ትልልቅ ጥናቶችን፣ በድምሩ ወደ 124,000 ሰዎችን፣ አንድ ላይ አይቶ ነበር። ስታቲን ከወሰዱት 27.1 በመቶው ጡንቻቸውን እንዳመማቸው ተናገሩ። ምንም ቅመም የሌለውን ከወሰዱትስ? 26.6 በመቶው። ልዩነቱ ግማሽ በመቶ ነው። ጡንቻ ማንንም ያማል፤ በተለይ በእነዚህ ታካሚዎች ዕድሜ ላይ። ልዩነቱ የታየው በአብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት ሲሆን በዚያም ጊዜ ከ15 ሕመምተኞች በአንዱ ላይ ብቻ ነው ጥፋተኛው ክኒኑ የሆነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስገርመው በ2020 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ነው። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች ተመርጠው አሥራ ሁለት ጠርሙስ ተሰጣቸው፤ አራቱ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም፣ አራቱ ማስመሰያ፣ አራቱ ባዶ። በየወሩ አንዱን እየከፈቱ የሚሰማቸውን ሕመም በየዕለቱ ከመቶ ነጥብ ሰጡ። ምንም ባልዋጡበት ወር አማካዩ 8 ነበር። በስታቲኑ ወር ወደ 16.3 ወጣ። በማስመሰያው ወርም 15.4 ደረሰ። ሕመሙ የውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ሰዎቹ በእርግጥ ታመዋል። ያሳመማቸው ግን በአብዛኛው ክኒን የመዋጥ ድርጊቱና ከሱ ጋር የመጣው ሥጋት ነው። ውጤታቸውን ካዩ በኋላ ግማሾቹ ስታቲናቸውን መልሰው ጀመሩ።

ይህን ይዞ ታካሚን «ሁሉም በጭንቅላትህ ነው» ማለት ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው፤ ሐኪሞችም ይሠሩታል። እውነተኛው የስታቲን ጡንቻ ሕመም አለ፣ የራሱም መልክ አለው። በሁለቱም ወገን ይመጣል፤ ሁለቱም ጭን፣ ሁለቱም ትከሻ፣ ሁለቱም ባት። ትልልቅ ጡንቻዎችን ይመርጣል። ብዙውን ጊዜ ክኒኑ በተጀመረ ወይም መጠኑ በጨመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይነሳል፤ ክኒኑ ሲቆም ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ መልሶ ሲጀመር ይመለሳል። አንድ ጉልበት ብቻ ማመም፣ የመገጣጠሚያ እብጠት፣ ከወገብ ወደ አንድ እግር የሚወርድ ውጋት፣ መደንዘዝ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ያለ ምንም ለውጥ የመጣ ሕመም፣ እነዚህ ሌላ ምክንያት ይፈለግላቸው።

ሕመም ከመጣ ቀጥሎ የሚወሰነው በሲኬ ቁጥርና በሕመሙ ክብደት ነው። ለዚህ ምርመራ ደም የሚቀዳለት ሰው ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ከባድ የአካል እንቅስቃሴ አለማድረጉን ማስታወስ አለበት፤ ክብደት ማንሳት ወይም ረጅም ሩጫ ብቻውን ሲኬን ብዙ እጥፍ ያወጣዋል፣ ጤነኛውንም ሰው ታማሚ ያስመስለዋል። ሲኬ ከጤነኛው ጣሪያ ከአራት እጥፍ በታች ሆኖ ሕመሙ የሚቻል ከሆነ ክኒኑን ለመተው መቸኮል አያስፈልግም። ሕመሙ የማይቻል ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቆምና ለውጡ ይታያል። ክኒኑ ቆሞም ሕመሙ እንዳለ ከቀጠለ ጥፋቱ የክኒኑ አልነበረም ማለት ነው። ከለቀቀ ደግሞ በሌላ ዓይነት ስታቲን፣ በዝቅተኛ መጠን ይሞከራል፤ ሮሱቫስታቲን 5 ሚሊግራም በየሁለት ቀኑ ወይም በሳምንት ሁለት ጊዜ እንኳ ኤልዲኤልን በሚታይ መጠን ያወርዳል፣ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ። በዚህ መንገድ በትዕግሥት የተሞከረላቸው አብዛኞቹ ሰዎች አንድ የሚስማማቸው አያጡም።

ሲኬ ከጣሪያው አሥር እጥፍ ካለፈ ግን ክኒኑ ወዲያውኑ ይቆማል። ራብዶማዮሊሲስ የሚባለው የጡንቻ መፍረስ የሚጀምረው በዚህ በኩል ነው። የፈረሰው ጡንቻ የያዘው ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይፈሳል፤ ኩላሊትን ይደፍናል፤ አብሮት የሚወጣው ፖታሲየም የልብ ምትን ያዛባል። ምልክቶቹ ከተራ ሕመም ይለያሉ፦ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት አለመቻል፣ እጅን ከራስ በላይ ማንሳት ማቃት፣ ጠቆር ያለ ሻይ የመሰለ ሽንት፣ የሽንት ማነስ፣ ትኩሳትና ማቅለሽለሽ። እንዲህ ሲሆን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይኬዳል፤ ሕክምናው በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ መስጠት ስለሆነ ሰዓት ይቆጠራል። ለብቻው የሚወሰድ ስታቲን ይህን የሚያመጣው በዓመት ከመቶ ሺህ ሰው በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ብርቅዬ መልክ አለ። የሰውነት መከላከያ ስታቲን የሚገታውን ያንኑ ኢንዛይም እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይነሳበትና ጡንቻን ያጠቃል። መለያው ክኒኑ ቆሞም ድካሙ መቀጠሉ፣ ሲኬውም አለመውረዱ ነው። በልዩ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ይረጋገጣል፤ ሕክምናውም የመከላከያ ኃይልን የሚገቱ መድኃኒቶች ናቸው። ስታቲን ለዚህ ሰው ከእንግዲህ አይሰጥም።

አብሮ የሚዋጠው

በ1997 ሴሪቫስታቲን የሚባል ስታቲን ገበያ ላይ ዋለ። ነሐሴ 2001 ላይ አምራቹ ከገበያ ሰበሰበው፤ እስከዚያ ድረስ ብቻ በራብዶማዮሊሲስ የሞቱ 52 ሰዎች ተመዝግበው ነበር። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወይ ከፍተኛውን መጠን የወሰዱ ወይም ጄምፋይብሮዚል የተባለውን፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለውን የደም ስብ የሚያወርድ መድኃኒት ደርበው የወሰዱ ናቸው። ይህ ጄምፋይብሮዚል ዛሬም ከስታቲን ጋር እንዳይወሰድ የሚመከር ነው፤ ከሲምቫስታቲን ጋር ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው። ሁለቱም ለሚያስፈልጉት ሰው ፌኖፋይብሬት ይመረጣል።

ሲምቫስታቲን፣ ሎቫስታቲን፣ በመጠኑም አቶርቫስታቲን የሚሰባበሩት በአንድ የጉበት ኢንዛይም ነው። ይህን ኢንዛይም የሚዘጉ መድኃኒቶች ለየት ያለ ሕመም ሲመጣ ለሳምንት ወይም ለሁለት ሳምንት የሚታዘዙ በመሆናቸው ነው አደጋው የሚረሳው። ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ለኢንፌክሽን፣ ኢትራኮናዞልና ኬቶኮናዞል ለፈንገስ። ክላሪትሮማይሲን በደም ውስጥ ያለውን ሲምቫስታቲን አሥር እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንቲባዮቲኩ እስኪያልቅ ሲምቫስታቲኑ ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ለሁለት ሳምንት ስታቲን ማቋረጥ የረጅም ጊዜ ጥቅሙን አያሳጣም። ወይም ሐኪሙ አዚትሮማይሲንን ይመርጣል፤ እሱ ይህን ኢንዛይም አይነካም። አቶርቫስታቲን የሚወስድ ሰው ክላሪትሮማይሲን ቢታዘዝለት የአቶርቫስታቲኑ ጣሪያ 20 ሚሊግራም ነው።

ለዘለቄታው ከሚወሰዱት ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው አምሎዲፒን ነው፤ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት በአንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው የተለመደ ነውና። አምሎዲፒን የሚወስድ ሰው ሲምቫስታቲኑ ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ለልብ ምት መዛባት አሚዮዳሮን የሚወስድም እንዲሁ 20። ቬራፓሚል ወይም ዲልታያዜም ከሆነ ጣሪያው 10 ነው። ሐኪሙ ይህን ሁሉ ከማስላት ታካሚውን ወደ ሮሱቫስታቲን ወይም ፕራቫስታቲን ቢቀይረው ይቀለዋል፤ ሁለቱ በዚያ ኢንዛይም አያልፉም።

የኤችአይቪ መድኃኒቶች ሁሉ አንድ አይደሉም። ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት ያለበት ቅንጅት ከሲምቫስታቲንና ከሎቫስታቲን ጋር ክልክል ነው። ዶሉቴግራቪር ግን ስታቲንን አይነካም። ኤፋቪረንዝ በተቃራኒው የስታቲንን መጠን ዝቅ ያደርገዋል፤ ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንም ብዙዎቹን ስታቲኖች ያዳክማል። በነዚህ ጊዜ ጉዳቱ ጡንቻ ላይ አይታይም፤ ኤልዲኤሉ ሳይወርድ ይቀራል፣ ታካሚውም «አልወሰድክም» ተብሎ ይወቀሳል። በ2023 የታተመ፣ ኤችአይቪ በደማቸው ባለ 7,769 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ፒታቫስታቲን 4 ሚሊግራም ከባድ የልብና የደም ሥር ችግርን በ35 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ ፒታቫስታቲን የተመረጠው ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ብዙም ስለማይጋጭ ነው።

ሪህ ላለበት የሚሰጠው ኮልቺሲን ራሱ ጡንቻን ሊጎዳ የሚችል በመሆኑ ከስታቲን ጋር ሲገናኝ፣ በተለይ ኩላሊት ከደከመ፣ ጥንቃቄ ይሻል። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ስታቲን ሲጀምር ወይም መጠኑ ሲቀየር የደም መርጋት ምርመራውን መድገም አለበት። ለቃር የሚወሰድ የአሉሚኒየምና የማግኒዥየም ሽሮፕ የሮሱቫስታቲንን መመጠጥ ይቀንሳል፤ ሮሱቫስታቲኑ ከተዋጠ ሁለት ሰዓት በኋላ መጠጣት ይቻላል። የግሬፕፍሩት ጭማቂ በብዛት ሲጠጣ ከክላሪትሮማይሲን ጋር አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ተራ ብርቱካን እዚህ ውስጥ የለበትም።

ጉበት፣ ስኳር፣ ማስታወስ

ስለ ጉበት ያለው ሥጋት ካለው አደጋ የገዘፈ ነው። ከመቶ አንድ ያህል ሰው ላይ ኤኤልቲ ከጣሪያው ሦስት እጥፍ ሊያልፍ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ መጠኑ ሲቀንስ ይመለሳል። የአሜሪካው ባለሥልጣን ከ2012 ጀምሮ ከመጀመሪያው ምርመራ በኋላ በየጊዜው የጉበት ምርመራ ማድረግን አስቀርቷል፤ ከባድ የጉበት ጉዳት እጅግ ብርቅ ስለሆነና የዘወትር ምርመራም ስለማይከላከለው። ምልክት ሲኖር ግን ይመረመራል፦ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ በቀኝ በኩል ከጎድን ሥር ሕመም፣ ምክንያት የሌለው ከባድ ድካም። ጉበቱ ስብ ያጠራቀመ ሰው ስታቲን አይከለከልም፤ የሚከለከለው በሽታው የተባባሰ ወይም ጉበቱ ሥራ ያቆመ ሰው ነው።

የስኳሩ ጉዳይ እውነት ነው፣ ነገር ግን በልኩ ሊታይ ይገባል። በ2010 የታተመ የ13 ጥናቶች ስሌት 255 ሰዎች ለአራት ዓመት ስታቲን ሲወስዱ አንድ ተጨማሪ የስኳር ሕመምተኛ እንደሚገኝ አሳይቷል። ያ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞም ስኳሩ ወሰኑ ላይ ደርሶ የነበረ ነው። በዚያው ጊዜ የሚከለከሉት የልብና የስትሮክ አደጋዎች ከዚህ ይበዛሉ። ስለዚህ ስኳሩ ጠርዝ ላይ ያለ ሰው ምርመራውን በዓመት አንዴ ማድረግ እንጂ ክኒኑን መሸሽ አያዋጣውም። መርሳትን በተመለከተ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የሰፈረው ማስጠንቀቂያ ከግለሰቦች ሪፖርት የመጣና ክኒኑ ሲቆም የሚለቅ ነው፤ ትልልቆቹ ጥናቶች በስታቲንና በማስመሰያ መካከል የማስታወስ ልዩነት አላገኙም።

ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው ሮሱቫስታቲን ከ5 ሚሊግራም ተጀምሮ ከ10 አያልፍም፤ አቶርቫስታቲን የኩላሊት መጠን ማስተካከያ አይፈልግም። ለማርገዝ ያሰበች ወይም ያረገዘች ሴት በአብዛኛው ታቆማለች። የአሜሪካው ባለሥልጣን በ2021 ፍጹም ክልከላውን አንስቶ አደጋው ለበዛባቸው፣ ለምሳሌ የልብ ሕመም ለደረሰባቸው ወይም በዘር የሚወረስ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ላለባቸው፣ ለብቻ እንዲታይ ፈቅዷል። ሳታውቅ ጥቂት ክኒን የዋጠች ነፍሰ ጡር ልትደነግጥ አይገባም፤ አቁማ ሐኪሟን ትጠይቅ። የምታጠባ እናት ግን አትወስድም።

በትዕግሥት ተሞክሮም ስታቲን ያልተስማማው ሰው መንገድ አልተዘጋበትም። ኢዜቲማይብ 10 ሚሊግራም አንጀት ኮሌስትሮል እንዳይመጥ በማድረግ ኤልዲኤልን ወደ 20 በመቶ ያወርዳል። ቤምፔዶይክ አሲድ የሚሠራው ጉበት ውስጥ ሲደርስ ብቻ በመሆኑ ጡንቻን አይነካም፤ ዩሪክ አሲድን ግን ከፍ ስለሚያደርግ ሪህ ላለበት ሰው ይታሰብበት። እነ ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ በቆዳ ሥር የሚወጉ ናቸው፤ ኤልዲኤልን በግማሽና ከዚያም በላይ ያወርዳሉ።

ክኒኑን ትተው «ተፈጥሯዊ» ወደሚባል ምርት የሚሸሹም አሉ። ከእነዚህ ሁሉ ታዋቂው በቀይ እርሾ የተብላላ ሩዝ ነው፤ በእርግጥም ኮሌስትሮል ያወርዳል። የመጀመሪያውን ስታቲን በ1970ዎቹ ከሻጋታ ያገኘው ጃፓናዊው ተመራማሪ አኪራ ኤንዶ በ1979 ከዚያው ሩዝ ሻጋታ ዘር ሞናኮሊን ኬ የሚባል ቅመም አወጣ። ሞናኮሊን ኬ በሌላ ስሙ ሎቫስታቲን ነው፤ በ1987 በአሜሪካ ለሽያጭ የተፈቀደው የመጀመሪያው ስታቲን። ልዩነቱ ከፋብሪካ የወጣው ክኒን 20 ሚሊግራም ሲል 20 ሚሊግራም መሆኑ ነው። የሩዙ እንክብል ምን ያህል እንደያዘ ከማሸጊያ ማሸጊያ ይለያያል፤ ሲትሪኒን የሚባል ኩላሊት የሚጎዳ መርዝም ተቀላቅሎበት የተገኘበት ጊዜ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 የቀን መጠኑ ከ3 ሚሊግራም በታች እንዲሆን ደንግጓል። ከሐኪም ተደብቆ እንክብሉን የሚውጥ ሰው ክላሪትሮማይሲን ሲታዘዝለት «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እሱም የለም ይላል።